በሌለ ጣት መዳሰስ

ሥራ የገባሁ ዕለት አለቃዬ ዓይኔን በፋሻ ሸፈኑት።

ቦታው ንፋስ መውጫ ነው፤ ከጤና ተቋሙ ግቢ በስተጀርባ ያለች ባለ ሦስት ክፍል የቆርቆሮ ቤት። ሰው ሠራሽ እጅና እግር የምንሠራው እዚያ ነበር። አቶ ምሕረቴ ዋና ቴክኒሻን ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ፣ የምስክር ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ የመጣሁ ረዳት ቴክኒሻን። ዕቃ ጠፍንጎ የሚይዘው ሞርሳ ላይ በጀሶ የተቀረጸ የአንድ ሰው ጉቶ ታስሯል። ጉቶ የምንለው እግር ወይም እጅ ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረውን ነው።

«ጥሩወርቅ፣ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?» አሉኝ።

«ሳላይ እንዴት አውቃለሁ፣ ጋሼ?»

«ጣት የለሽም?»

ዳሰስኩ። ለስላሳ ነው አልኳቸው። «ድገሚ» አሉኝ። ደገምኩ፤ አሁንም ለስላሳ ነው። አራተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ከጉልበቱ አጥንት ሥር የጤፍ ፍሬ የምታህል ጉብታ ጣቴን ያዝ አደረገችው።

«እሷ ናት» አሉ። «ሰውየው ከዚህ እስከ ቤቱ ቢሄድባት ታቆስለዋለች።»

ፋሻውን ሲፈቱልኝ ጉብታዋን በዓይኔ ፈለግኋት። አላገኘኋትም።

የሥራው ቅደም ተከተል ዛሬም በእንቅልፍ ልቤ ይመጣልኛል። መጀመሪያ ጉቶውን እንለካለን፤ አጥንት ገፍቶ የወጣበትን ቦታ ውሃ ሲነካው በሚጎላ ሰማያዊ እርሳስ እናመለክታለን። የጀሶ ፋሻ እንጠቀልልበታለን። ሲደርቅ አውልቀን ውስጡን በጀሶ ስንሞላው የጉቶው ግልባጭ ይወጣል። ግልባጩን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት እናስተካክለዋለን። ከዚያ ምድጃ ውስጥ የለሰለሰ የፕላስቲክ ሉህ እናለብሰዋለን። ሲቀዘቅዝ የሚወጣውን ቀፎ ሶኬት እንለዋለን፤ ጉቶው የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ሶኬቱ ልክ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ያችን ቤት እናፍቃታለሁ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው አይደማመጥም፤ ጀሶውም ሳምንት ሙሉ አልደርቅ ይላል። ግልባጮቹን ምድጃው ዙሪያ ደርድረን እናሞቃቸው ነበር። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ንፋሱ በበሩ ሥር ገብቶ የጀሶውን ዱቄት ያነሣና ቅንድባችንን ነጭ ያደርገዋል። አቶ ምሕረቴ ያኔ «ምነው ዛሬ ሸመገልሽ?» ይሉኛል። በወር አንድ ጊዜ ጀሶና ባልዲ በፒክአፕ ጭነን ወደ ስማዳና ወደ እስቴ እንሄዳለን። የእስቴ ተራ የደረሰ ቀን ምሳ እናቴ ቤት ነው። እሳቸው እንግዳ ሆነው ከእናቴ ጋር ስለ ገብስ ዋጋ ሲጫወቱ፣ ከሥራ ውጭ ሲያወሩ የምሰማቸው ያኔ ብቻ ነበር።

ቴክኒሻን በሆንኩ በዓመቱ አንድ የድጓ መምህር ከጋይንት ቤተ ልሔም መጡ። መሪጌታ እንላቸው ነበር፤ በስማቸው የጠራቸው ሰው አላስታውስም። ስኳር ሕመም ስላለባቸው እግራቸው ስሜት እያጣ እንደሆነ ተጠርጥሮ ጫማ እንድንሠራላቸው ተልከዋል። እንደዚህ ላለ ሰው ምርመራው ቀላል ነው። ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኛ በቀጭን የናይሎን ክር ጫፍ መርገጫውን ጫን እናደርጋለን፤ ሲሰማው «ነካሽኝ» ይላል። የማይሰማበትን ቦታ ወረቀት ላይ እናጠቁራለን።

መሪጌታ አሥር ቦታ ነካኋቸው። አሥሩንም «ነካሽኝ» አሉ። ደስ አለኝ፤ ደህና ናቸው ብዬ ፈረምኩና ተራ ጫማ አዘዝኩላቸው።

ክረምቱ አልፎ ተመልሰው መጡ። ጫማቸው ውስጥ የገባ ምስማር ከጉባኤ ቤታቸው እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ጉባኤ ቤታቸው አብሯቸው ሲሄድ ሰንብቷል። አላወቁም። ቁስሉ ከአጥንት ደርሶ ነበርና እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ሄጄ ከአልጋቸው አጠገብ ቆምኩ። ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ። ክሩን ስታስጠጊ የጋዋንሽ እጅጌ ይሰማኝ ነበር። ጆሮዬ ነው የመለሰልሽ። ስሜት የለውም ከተባልኩ ከተማሪዎቼ ይለዩኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እኔም አሥር ትክክል መልስ ሲሰጡኝ መጠርጠር ነበረብኝ» አልኳቸው።

«እንግዲህ እኩል እንካፈለው» አሉ።

ቁስላቸው ሲድን ሰው ሠራሽ እግር ልሠራላቸው ለካሁ። ጉቷቸውን በጣቴ ስዳስስ ድንገት እጃቸውን አነሡ።

«አሁን የነካሽው አውራ ጣቴን ነው።»

የሚያፌዙብኝ መሰለኝ። አውራ ጣታቸው የለም። ፊታቸውን አየሁ፤ እያፌዙ አልነበረም። እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ዓይናቸውን አስጨፍኜ ያንኑ ቦታ ነካሁት። «አውራ ጣት» አሉ። ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ። «ትንሿ ጣት።» ሌላ ቦታ ነካሁ። «እሱ ጉቶው ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም።» ከምሳ በኋላም ደገምኩት። መልሱ አልተለወጠም።

«እግሬ ሳለ አልሰማ አለኝ» አሉ መሪጌታ። «ከሄደ በኋላ ይሰማኛል።»

ይህን ለአቶ ምሕረቴ ነገርኳቸው። ከሥራቸው ቀና አላሉም። «መዝገብ ላይ የሚጻፈው ሴንቲ ሜትር ነው» አሉኝ። «የሌለ ጣት የት ታሰፍሪዋለሽ?»

«በራሴ ደብተር።»

«በራስሽ ደብተር ማን ይከለክልሻል?»

ከዚያ ወዲህ የለካሁትን ሰው ሁሉ እጠይቅ ነበር። ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም። አንዳንዶቹ ግን ለማንም ነግረው የማያውቁትን ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ይነግሩኛል፤ አብደሃል ትለኛለች ብለው ይፈሩ ነበር። የጉቶውን ቅርጽ እሥልና በየቦታው የጣቱን ስም እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ደብተሬ ላይ የእኔ ያልሆነ ጽሕፈት አገኘሁ። «ቀኝ እግር። ትንሿ ጣት፣ ከጉቶው ጫፍ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ።» የአቶ ምሕረቴ እጅ ነበር።

እሳቸው ጡረታ ወጡ። ዋና ቴክኒሻን ሆንኩ። መሪጌታ በሠራሁላቸው እግር ቆመው ብዙ ዓመት አስተማሩና ዐረፉ።

የሻረግ የመጣችው የጡረታዬ ጊዜ ሲቃረብ ነው። የስማዳ ሴት ናት፤ ሠላሳዎቹን የጨረሰች። የወፍጮ ቤት ሞተር ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ነጠላዋን ስቦ ግራ እጇን ከአንጓው በላይ ወስዶታል። በአካባቢዋ በፈትል የታወቀች ነበረች። ለሠርግ ቀሚስ የሚሆን ቀጭን ድር ሲፈለግ እሷ ቤት ይኬድ ነበር አሉ። ድር በሸማው ቁመት የሚዘረጋው ክር ነው፤ በወርዱ የሚገባው ማግ ሻካራ ቢሆንም ያልፋል። ፈታይ ባዘቶውን፣ የተነደፈውን ጥጥ፣ የምትይዘው በግራ እጇ ነው፤ ቀኙ እንዝርቱን ያሾራል። ግራ እጅ ጠበቅ ካደረገ ጥጡ ይጓጉላል፤ ላላ ካለ ይበጠሳል።

መንጠቆ ያለው እጅ ሠራሁላት። ባልዲ አነሣችበት፣ በር ከፈተችበት። ጥጥ ግን አልያዘላትም።

«መንጠቆው ምን እንደያዘ አይነግረኝም፣ እትዬ» አለችኝ። «እያየሁ መያዝ አለብኝ። እያዩ ደግሞ አይፈተልም።»

በዚያው ዓመት ናሆም የሚባል ወጣት ኢንጂነር ከዩኒቨርሲቲ መጣ። የሚዳስስ ሰው ሠራሽ እጅ ሠርቻለሁ አለ፤ የሚሞክሩለት ሰዎች ይፈልጋል። እጁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። የጣቶቹ ጫፍ ጎማ ለብሷል፤ ከጎማው ሥር ግፊት የሚለካ፣ ከወረቀት የሳሳ ሴንሰር አለ። ክንድ ላይ የሚታሰር ማሰሪያም አለው፤ ማሰሪያው ላይ አምስት ትንንሽ ሞተሮች ተሰክተዋል።

«ጣታችን ሲነካ ነርቭ ወደ አንጎል ምት ይልካል» ብሎ አስረዳኝ። «ጠንከር ሲል ምቱ ይፈጥናል፤ ለዘብ ሲል ይዘገያል። እኔም ያንኑ ነው የቀዳሁት። የጎማው ጣት ሲነካ የየራሱ ሞተር ክንዷን መታ መታ ያደርጋታል።»

የሻረግን አስጠራኋት። የሚፈረም ወረቀት ነበረ፤ ናሆም ፈጠን ፈጠን አድርጎ አነበበላት፣ እሷም ጣቷን አጥቅሳ ፈረመች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሞከረች። ጡንቻዋን ስታጠብቅ እጁ ይጨበጣል፤ ስትለቅ ይከፈታል። ይህን በሁለት ቀን ለመደችው። መዳሰሱ ግን አልሆነላትም። ሞተሩ ክንዷን ሲመታት ቆም ብላ «ይኼ ሁለተኛው ነው፣ ሁለተኛው ሌባ ጣት ነው» ብላ ትቆጥራለች። ቆጥራ ሳትጨርስ ጥጡ ተበጥሷል።

«በር እያንኳኳ ስሙን የማይናገር እንግዳ ነው» አለች። «ደግሞ አይሄድም። ጥጡን እስከያዝኩ ድረስ መምታቱን አይተውም።»

እጁን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ውሰዱት።»

በእስቴና በላይ ጋይንት ለናሆም የሞከሩለት ሌሎቹ ሰዎች ቀድመው ትተዋል። የሻረግም ከተወች ሙከራው ይዘጋል። ናሆም ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«የእጅ ሰዓትህ ይሰማሃል?» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። «አሁን ሲጠይቁኝ።»

«ስታስረው ተሰምቶህ ነበር። አሁን ቆዳህ ትቶታል። የአንተ ሞተር ግን አይተውም።»

ቀና አለ። «ሁለተኛው ነገር» አልኩትና ደብተሬን አወጣሁ።

አንድ በአንድ ገለጠው። ቀስ እያለ ነበር የሚያነበው። «ይህን በትምህርት አውቀዋለሁ» አለ። «ነርቩ ቢቆረጥም አንጎል ውስጥ ጣቱ አለ። ግን ሰው ሁሉ ላይ የለም፤ ደግሞ ሶኬት ውስጥ ሞተር የሚገባበት ቦታ የለም ብዬ ተውኩት።»

«የሶኬቱን ለእኔ ተውልኝ» አልኩት።

የሻረግን ዓይኗን አስጨፍኜ ጉቶዋን በእርሳስ ጀርባ እየነካሁ ሄድኩ። እጅጌዬን ሰብስቤያለሁ። መጀመሪያ ላይ «ጉቶው ነው፣ ጉቶው ነው» ስትል ቆየች። ከክርኗ በታች በውስጥ በኩል ስደርስ ፊቷ ተለወጠ።

«አውራ ጣቴን ነው የነካሽኝ» አለች። እስከዚያ ቀን «አንቺ» ብላኝ አታውቅም ነበር።

ሌባ ጣቷንና የመሐል ጣቷንም አገኘናቸው። የቀለበት ጣቷንና ትንሿን አላገኘንም። ሦስቱን በሰማያዊ እርሳስ ከበብኳቸው።

ሶኬቱ አስቸገረኝ። ለሞተሮቹ ሦስት መስኮት ሲከፈትበት ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ጉቶውንም እኩል አይጨብጠውም። የመጀመሪያው ሶኬት መስኮት ስከፍትበት ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ክርኗን ቆነጠጣት። ለሦስተኛው ወፈር ያለ ሉህ ወሰድኩ፤ መስኮቶቹን ክብ ሳይሆን ሞላላ አደረግኋቸው፤ ጠርዛቸውን ዓይኔን ጨፍኜ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ናሆም በበኩሉ ሞተሮቹን አሳነሰ። አመታታቸውንም ለወጠው። ጣቱ አንድ ነገር ሲነካ ይመታል፤ ነገሩ ጸንቶ ከተያዘ ዝም ይላል፤ ሊያመልጥ ሲንሸራተት እንደገና ይመታል።

የመጨረሻው ሙከራ ቀን የሻረግ ባዘቶና እንዝርት ይዛ መጣች። በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እጁን በባዘቶው ላይ ስትጨብጠው ናሆም «ተሰማሽ?» አላት።

«ዝም በሉልኝ» አለች።

ጣሪያውን እያየች እንዝርቱን አሾረችው። ክሩ ወጣ። ተበጠሰ። ቀጠለችው። በሦስተኛው አንድ ክንድ ያህል ሳይበጠስ ወረደ፤ አለፍ አለፍ እያለ ይጓጉል ነበር። ክሩን በቀኝ እጇ ጣቶች መካከል አሳልፋ መረመረችው።

«ድር አይሆንም» አለች። «ማግ ግን ይሆናል።»

ናሆም ወደ ውጭ ወጣ። ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ።

እጁ እሷ ዘንድ ስምንት ወር ቆየ። በክረምቱ እርጥበት ሁለት ጊዜ ሽቦው ተበላሸ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተጠገነ። ጋቢ የሚሆን ማግ ፈትላ ለሸማኔ ሰጠች። ከዚያ ሙከራው አለቀ። ወረቀቱ ላይ ዕቃው ተመላሽ ነው ይላል፤ ተፈትቶ መመርመር አለበት። አምጪልን ብለን ላክንባት። አሞኛል ብላ መለሰች። ሁለተኛ ስንልክ ሐዘን ላይ ነኝ አለች። በመጨረሻ እኔና ናሆም ስማዳ ድረስ ሄድን።

አላመማትም፤ ሐዘንም አልነበረባትም። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እየፈተለች ነበር። ስታየን ማሰሪያውን ራሷ ፈታች።

«መጀመሪያ ወፍጮ ወሰደው» አለች። «አሁን ደግሞ እናንተ።»

ናሆም ስለ ወረቀቱ ሊያስረዳት ጀመረ።

«ወረቀቱን አውቃለሁ። አንተ ስታነበው እኔ የማየው እጁን ነበር።» ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።»

አውቅ ነበር። ከመፍረሟ በፊት ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ እምቢ ትላለች ብዬ ዝም አልኩ። ይህን እዚያው ነገርኳት። እጁን አንሥታ ሰጠችኝ። በመንገድ ላይ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ለጡረታዬ አራት ወር ቀርቶኝ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከእሷ እጅ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ባትሪና ሞተር የለኝም። ያለኝ በደብተሬ ላይ የተሣሉት የእሷ ሦስት ክቦች ናቸው። አንድ ቀን አንዲት ነርስ የተበላሸ የደም ግፊት መለኪያ ልትጥል ስትወጣ አየኋትና ለመንኳት። ጎማውን ቆረጥኩት። በትከሻ ገመድ ተስቦ ከሚጨበጠው ተራ ሰው ሠራሽ እጅ አውራ ጣት ጫፍ ላይ ትንሽ የአየር ከረጢት አሰርኩ፤ ከከረጢቱ ቀጭን ቱቦ አወጣሁ፤ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ሶኬቱ ውስጥ አውራ ጣቷ በሚሰማት ቦታ ላይ በሌላ ከረጢት ዘጋሁት። የፊተኛው ሲጫን አየሩ ኋለኛውን ይነፋዋል። ያ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አየሩ አመለጠኝ፤ በሦስተኛው ያዘ።

ይዤላት ሄድኩ። ከመግጠሜ በፊት «በዚህ የሚሰማሽ አንድ ጣት ብቻ ነው» አልኳት። «ቱቦው በየጥቂት ወሩ ይተነፍሳል፤ መለወጥ አለበት። እንደዚያኛው አይሆንም። ግን የሚወስደው የለም።»

«ይፈርሙልኝ» አለች።

የምትቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሷ ፈገግ አላለችም። ከቤት የልጇን ደብተር አመጣች። «ዕቃው የየሻረግ ነው፤ አይመለስም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ገጹን ቀድዳ አጣጠፈችው፤ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ከዚያ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

እስካሁን በእሱ ትፈትላለች። ማግ ነው፤ ድር አልተመለሰላትም። ቱቦውን የሚለውጥላት እኔን የተካው ቴክኒሻን ነው። ናሆምም መጥቶ አየው፤ ፎቶ አነሣ፣ ለካ፣ የቱቦውን ውፍረት ጠየቀኝ። አዲስ እየሠራ ያለው እጅ ግማሹ በአየር ነው አለኝ። የሚፈረመውንም ወረቀት ለውጦታል፤ አሁን የመጀመሪያው መስመር ዕቃው ተመላሽ መሆኑን ይናገራል።

በዚህ ሙያ ለምትሠሩ ሁለት ነገር አለኝ። ስትለኩ ሰውየውን የት ላይ ምን እንደሚሰማው ጠይቁት፤ መልሱ ግራ ቢያጋባችሁም ጻፉት። የምትገጥሙለት ዕቃ የሚወሰድበት ከሆነ ደግሞ ሳትገጥሙለት ንገሩት።